ዱላው ሲያርፍ ስለጮኸው የባንክ መልእክት

መጋቢት 7 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለባንኩ የደምበጫ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ደምበጫ

ጉዳዩ፦ የአያቴ የኤቲኤም ካርድ እንዲታገድ፣ ገንዘቡ የወጣበት ሰዓትና ቦታም በማኅተም ተረጋግጦ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች መቅደላዊት አወቀ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባታችን ስለሞተ እኔንና ወንድሜን አበረን የሚያሳድጉን አያታችን መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። የሒሳቡ ባለቤት እሳቸው ስለሆኑ ከታች ፈርመዋል።

1. የካቲት 25 ቀን አያቴ ከበሬ ሽያጭ ገንዘባቸው ጥቂት ሊያወጡ አበረን ይዘው ወደ ማሽንዎ ሄዱ። የምስጢር ቁጥራቸውን እንዳይረሱት በወር በዓል ሠርተውት ነበር። ቁልፉን የሚጫነው አበረ ነው፤ አያቴ ደግሞ ሰው እንዳይሰማ ብለው ቁጥር አልጠሩም። «መጀመሪያ ማርያምን፣ ቀጥለህ ሚካኤልን» አሉት፣ ዜማ በሚያስተምሩበት ድምፅ። ሃያ አንድና አሥራ ሁለት መሆኑን ከወረፋው ያላወቀ አልነበረም፤ ሁለት ሴቶች እንዲያውም አማትበዋል።

2. ማሽኑ ካርዱን መልሶ ተፋው። ከኋላ የቆመ ባለኮፍያ ሰው «አባቴ፣ አቧራ ይዞት ነው» ብሎ ተቀበላቸው፣ በኮቱ ጠረገና መለሰላቸው። አሁንም አልሠራም። አያቴ ግን ስለ ደግነቱ አናቱን ዳብሰው መርቀውታል፤ ምርቃቱ ደርሷል። ሰውየው የመለሰላቸውን ካርድ ዛሬ ሳየው የተጻፈበት ስም ማንጠግቦሽ ይላል። እኚህ ሴትም ሳይዘረፉ አልቀሩምና ካርዱን አያይዣለሁ።

3. መጋቢት 2 ቀን አያቴና አጎቴ ምናለ ባንክ ሲጠይቁ ገንዘቡ በካርድ እየወጣ መጉደሉ ተነገራቸው። ካርዱ ከአያቴ ኪስ አልወጣም፣ ቁጥሩን የሚያውቅ አበረ ብቻ ነው ብለው ሌላ አልጠየቁም። በማግስቱ አጎቴ አበረን ከግቢያችን ግራር ጋር አስሮ በሽመል ደበደበው። ግራ ክንዱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ሁለት ጥርሱም ወለቀ። ልገላግል ስገባ የኔን ግንባር ፈነከተው፤ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል። ጾም በመሆኑ አጎቴ ሥጋ ካየ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አጥንት ግን ጾሙ ውስጥ የገባ አልመሰለውም።

4. ዱላው በሚያርፍበት መካከል የአያቴ ስልክ ጮኸ። ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው የፈረንጅ ፊደሉን አዩና «ደግሞ ቴሌ ነው» ብለው መለሱት። አጎቴም ቀጠለ። ማታ ስልኩን ቻርጅ ላደርግ ስቀበል ከፈትኩት። የባንክዎ መልእክት ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ሁለት ሺህ ብር ወጥቷል ይላል። ከእሱ በፊት አምስት አሉ፤ ሁሉንም አያቴ ቴሌ ብለዋቸዋል። በዚያች ደቂቃ አበረ ታስሮ ይደማ ነበር፤ ንስሐ አባታችን ቄስ ፍሥሐም ቆመው አይተዋል።

5. ይህን ብነግራቸው አጎቴ «ስልክ ቆሞ አየ?» አለኝ። አያቴ በበኩላቸው፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንኳ አይታመንም፣ እንኳንስ የስልክ መብራት አሉ።

6. አበረ አሁን ጤና ጣቢያ ተኝቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ሌባ ነህ ከተባለ ከቤት ይባረራል። ትናንት ስጠይቀው «ሌባ ካሉኝ መጥረቢያ በአንድ እጅም ይያዛል» አለኝ። አጎቴ ይህን ሰምቶ ጠመንጃውን ሲወለውል አድሯል። ሁለቱም ዛቻ የማያውቁ፣ ያሉትን የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በሌባው እጅ ያለው የአያቴ ካርድ ዛሬውኑ እንዲታገድ፣ የማሽኑ ካሜራ ምስል ለፖሊስ እንዲቀመጥ፣ መጋቢት 3 ቀን ገንዘቡ ከየትኛው ማሽንና በስንት ሰዓት እንደወጣ የሚገልጽ የአማርኛ ደብዳቤ እስከ ዓርብ ማታ እንዲሰጠን በትሕትና እለምናለሁ። ደብዳቤው ከሁለት መስመር ባይበልጥም ግድ የለም፤ ማኅተሙ ግን ክብ፣ ትልቅና ጥርት ያለ ይሁንልን። ሽማግሌዎቻችን መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው።

አያቴ ይህን ማመልከቻ አንብበው «የምርቃቱን ነገር አውጪው» ብለው ነበር። እውነት ስለሆነ አላወጣሁትም። ያንኑ መስመር ደግመው አነበቡና ፈረሙ፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለፈረሙ ፊርማው ባንክ ካለው ባይመሳሰል እንዳይመልሱን አደራ።

በአንድ ቤት ሁለት ሬሳ እንዳይወጣ ከሚለምን ሰላምታ ጋር

መቅደላዊት አወቀ (ፊርማ)
መሪጌታ አካለ ወልድ፣ የሒሳቡ ባለቤት (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአጎቴ ለምናለ፣ ጠመንጃውን አስቀምጦ እንዲያነበው