ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የቅዳሜ ስራ… ልብስ አጠብሁ፣ ገበያ ሄድሁ። ከሰአት የአባባን ቅኔ ጻፍሁ። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ከደብሩ ወደ እኛ ቤት፣ ፋሲሎ ሰፈር ከመጡ ወዲህ የአባቴ የመሪጌታ ሳህሉ ምኞት አንድ ነው። መምህራቸው የኔታ ወልደ ዮሀንስ የተቀኙትን ቅኔ ወረቀት ላይ ማየት። ሌላ በቃሉ የያዘ ሰው የለም፤ አብረዋቸው የተማሩት ሁሉ አልፈዋል። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እመታለሁ። በመምታትስ ቢሮ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። የመጀመሪያውን ገጽ አትሜ ሰጠኋቸው። ነገ ያነቡታል። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሻሽ፣ ጸሀይ ምን ሰረቀች?»

አልገባኝም። ለካ የኔታ ያሉት «ሠረቀ ፀሐይ» ነው… ጸሀይ ወጣ፣ በንጉሡ ሠ። እኔ በእሳቱ ሰ መታሁት። በእሳቱ ሲሆን ሌብነት ነው። ድምጹ አንድ፣ ነገሩ ሌላ። ጸሀይን የሚያህል ነገር ሌባ አደረግሁ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «የኔታ እንዲህ ብለው ተቀኙ እየተባለ ከሚሳቅባቸው፣ ከእኔ ጋር ይቀበር» አሉና ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ከእንግዲህ ሌላ አልነግርሽም አሉ።

አበሸቁኝ። ለአንዲት ፊደል?

ጥቅምት 14፣ ሀሙስ

አባባ አሁንም ዝም ናቸው። ምሳ ሰአት ላይ ለሀኒ ነገርኋት፤ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምትጠግን እሷ ናት። እኛ የምንመታው እንግሊዝኛውን ተከትለን ነው። ኤስን አንዴ ሲመቱት እሳቱ ሰ ይመጣል፣ ንጉሡን ለማምጣት ሁለቴ። ማን ሁለቴ ይመታል? ጣቴ ስንት አመት ሙሉ አንዴ ነክቶ ሲያልፍ ኖሯል፤ ልመልሰው ብልም አልመለስ አለኝ።

«ለሁሉም ፊደል የየራሱ ቁልፍ ያለው ፕሮግራም አለ እኮ» አለችኝ። «ግን እንደ ህጻን ሀ ብለሽ ነው የምትጀምሪው።»

ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝ። ልሞክረው? የኔታ ወልደ ዮሀንስ በእኔ ጣት ስንፍና ይጥፉ?

ጥቅምት 15

ጫንሁት። ይችን መስመር እስክጽፍ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ቁልፎቹ ላይ ፊደል የጻፍሁባቸው ፕላስተሮች ለጠፍሁ። ባምላክ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጦ «ለክቡር» ብሎ ቢመታ የማይነበብ ነገር ወጣ።

«ይሄ ኮምፒውተር ሃይማኖት ለውጧል እንዴ?»

የድሮውን መመለሻ አሳየሁት። የራስህን መልስ፣ የእኔን አትንካ አልሁት። ባሌ ደግ ነው፤ እያጉረመረመ መለሰ። ቢሮም እጄ ተምታታ… የማይደረስብኝ ሴትዮ ትናንት አንዲት ማስታወቂያ ስጽፍ ረፈደ።

አስቸጋሪው ግን ቁልፍ መፈለጉ አይደለም። በየፊደሉ ጣቴ ይቆማል። የትኛው ሀ? የትኛው ጸ? ለካ አላውቅም። ድሮ አለማወቄንም አላውቅ።

ፈራ ተባ እያልሁ ወደ ሳሎን ጠየቅሁ። «አባባ፣ ሐኪም በየትኛው ሀ ነው?»

አኩርፈዋላ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣

«በሐመሩ ሐ።»

ይችው ናት። ቢሆንም መለሱልኝ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አሁን አሁን እኔ ስጠይቅ እሳቸው ከተቀመጡበት ይመልሳሉ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ብዙኃኑ ኀ… ቅኔውን ግን አንሥቼው አላውቅም። እሳቸውም አላነሡ።

ከቅዳሴ በኋላ ጣና ዳር ወሰድኋቸው፤ ነፋሱን ይወዱታል። አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ «ትኩስ አሳ» ተብሎ ተጽፏል። ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

«ምን ይላል?»

«ዓሣ ነዋ፣ አባባ።»

«ዓሣ በዐይኑ ዓ፣ በንጉሡ ሣ ነው። ይኸኛው አጥንቱ ወጥቶለታል።»

አስተናጋጇ ሰምታ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ጥርሳቸውን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ገብተን በላን። አጥንትስ ነበረው።

ቤት ገብቼ ከላይ የጻፍሁትን አነበብሁት። «ስራ»፣ «አመት»፣ «ሀሙስ»… የገዛ አባቴን ስም ሳይቀር! ሣህሉ በንጉሡ ሣ ነው። አላረምሁትም። ይቀመጥ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ያንን ገጽ እንደገና ጽፌ አተምሁት። ምንም ሳልናገር አጠገባቸው አስቀመጥሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርሁ። ጆሮዬ ግን ሳሎን ነው።

ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሠረቀ ፀሐይ» አሉ። ደገሙት።

«ወጣች» አሉ። «የሻሽ፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ ሁለተኛውን እነግርሻለሁ።»

አለቀስሁ። ባምላክ ሽንኩርቱ ነው ብሎ አለፈኝ። ደግ አደረገ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ከሥራ ስገባ አባባ ኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር ስበው እየጠበቁኝ ነው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥሁ። ፕላስተሮቹን ልጫቸዋለሁ፤ አሁን አያስፈልጉኝም።

ጥሩ እየሄድን ነበር። «ሰአለ» ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ጠየቅሁ። «በንጉሡ ነው በእሳቱ?»

ግንባራቸውን አሻሹ።

«በንጉሡ… አይ፣ ቆይ። ቆይ እስቲ…»

ጠፋቸው። መሪጌታ ሣህሉ ፊደል ጠፋቸው። ክው አልሁ። ምን ልበል? ወደ ጻፍነው ተመለስሁ። በንጉሡ ከሆነ ሥዕል ሣለ ነው፣ በእሳቱ ከሆነ ለመነ።

«አባባ፣ ከፊቱ ያለው ነዳይ ነው። ድኻ ይለምናል እንጂ ሥዕል አይሥልም። በእሳቱ ነው።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የቅኔውን ቤት ከመነሻው በቃላቸው ወረዱት፤ ቃሉ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በእሳቱ ነው። በእሳቱ።» ዐይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «እኔን ቢጠፋኝም አንቺ ዘንድ አለ። በይ፣ ቀጣዩን ያዢ።»

ያዝሁ።