ስለ እናታችን የቀረፋ ብስኩት

ለውድ ወንድሜ ለኤርቪን፣

በቴሌቪዥን ጣቢያው አንድ ወጣት በከዘራ መትቼ በዘበኛ ተጎትቼ እንደወጣሁ የአክስታችን ልጅ አዴልፊን በስልክ እንደነገረችህ ሰማሁ። ሐሰት ነው። ከዘራ የለኝም፤ የያዝኩት ዣንጥላ ነበር፤ የመታሁትም ጠረጴዛውን ነው። ዘበኛው እስከ ትራም ፌርማታ የሸኘኝ መንገዱ ስላዳለጠ ነው።

ይህን ካቃናሁ በኋላ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ሻል አለህ? የሞንትሪያል ብርድ ቀለል አለላችሁ? ክሌርን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ፤ ዓይኔ የእናታችንን መንገድ ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ስለ ኪነ ጥበብና ባህል የሚያስተላልፈው የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች አገራችንን ይዘው የራሳቸውን መለዮ በግድ አልብሰው ወደ ሩሲያ ስለላኳቸው የአገራችን ልጆች ፊልም እየሠራ ነው። ከዚያው የቀረው ወንድማችን ቲዬቦ የጻፈውን የመጨረሻ ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ትርጉሙን እንዳይ ጠሩኝ።

ጀርመንኛውን የሚያዘጋጀው ሃይኮ የሚባል የላይፕዚግ ልጅ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ሶሌን የምትባል ልጅ። «ያንተ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ደግሞ ሐሳቡ ካለቀም በኋላ ታወሪያለሽ» ይላታል። ሲቀላለዱ እኔ ከወረቀቱ ቀና አላልኩም። ከዚያ ያቺ መስመር እንዲህ ተተርጉማ መጣች፦ «የእናቴን ብስኩት ለቁስለኞቹ አደልኩት። እኔ ቀመስኩት ብቻ፤ በቃኝ።»

ቲዬቦ ደብዳቤውን በደህና ጀርመንኛ ቢጽፈውም እዚያች ላይ የሰፈራችን ቃል አምልጣዋለች፤ «ሽሜከ» ብሏል። ለሃይኮ ሽሜከ መቅመስ ነው። በእኛ አፍ ግን፣ አንተም ታውቃለህ፣ ማሽተት ነው። ወንድማችን ብስኩቱን አሸተተው እንጂ አልቀመሰውም።

ኤርቪን፣ የሚቀጥለውን ተቀምጠህ አንብበው። ደብዳቤው ሲመጣ አንተ አምስት ዓመትህ ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት። የእናታችንን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሽሜከ ላይ ስደርስ ፊቷን አየሁና «በላሁ፣ ጠገብኩ» ብዬ አነበብኩ። ሁለት ወር ሙሉ የቅቤ ራሽኗን አጠራቅማ የጋገረችው ነበር። «እንኳን የእጄን ቀምሶ ሄደ» እያለች ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች፤ ስትሞትም ያንኑ አለች። አንተም ለልጅህ ለሲዶኒ እንዲሁ ብለህ እንደነገርካት አውቃለሁ።

እንግዲህ የሃይኮ ስሕተት የእኔን ውሸት ሊሸፍንልኝ መጥቶ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ደብተር በቀይ እርሳስ ሳርም ኖሬ የወንድሜን ቃል እንደተዛባ ላሳልፍ? ጠረጴዛውን ያኔ ነው የመታሁት። «አሸተትኩት ብላችሁ ጻፉ» አልኳቸው። ሃይኮ «እማማ፣ አንድ ቃል እኮ ናት፤ ደግሞ ቢቀምሰው ለሰሚው ደስ ይላል» አለኝ። «ለእኔም ስልሳ ዓመት ደስ ብሎኝ ነበር» አልኩት።

ብትቀየመኝ አልፈርድብህም። ግን ያልበላውን በላ ስንል ያደረገውን ነጠቅነው። ልጁ ርቦት ሳለ ነው የሰጠው።

ክሌርን ሳምልኝ። ለሲዶኒ እውነቱን ከቴሌቪዥን ሳትሰማው አንተው ንገራት። ለትንሹ ሬሚ፣ የላከልኝ ካርድ ላይ ሦስት የፊደል ስሕተት እንዳለ፣ እኔ ግን ራስጌዬ እንዳስቀመጥኩት ንገርልኝ።

ነገ ጠዋት የታረመውን ወረቀት እንድፈርም ይጠብቁኛል። ከዚያ በፊት ግን መነጽሬን እወለውላለሁ፤ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አወጣለሁ፤ ወደ እናታችን መቃብር ሄጄም ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ፤ ሽሜከንም እንደተጻፈች።

እህትህ ሳሎሜ
ስትራስቡርግ፣ ማርች 20 ቀን 2003