ሠላሳ ግራም የጎደለው ብረትህ

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ወንድሜ ዓርብ ዓርብ መቃብርህን ሊዘይር ሲሄድ ሰላምታዬን እልክበት ነበር፤ የዛሬውን ግን በሰው አፍ መላክ አልሆነልኝምና ራሴ ጻፍኩት። ከተለየኸን ዘጠኝ ወር አለፈ። እማዬ አሁንም ራት ላይ ያንተን ሳህን ከኛው ጋር ታወርድና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔም እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ሱቁ አለ። ወረታም እንዳለች ናት፤ ሩዙ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ክረምት ላይ ግን የርብ ወንዝ ሞልቶ ውሃው በጓሮ በር ገባብን። መደርደሪያው ሲወድቅ ሚዛንህ ከሥሩ ነበር፤ ክንዱ ተጣመመ። ብረት ሠሪው አየውና ራሱን ነቀነቀ። የአንድ ኪሎ መመዘኛ ብረትህ ብቻ ከጭቃው ደህና ወጣ።

ስለዚህ በስልኬ ዲጂታል ሚዛን መፈለግ ጀመርኩ። ብትኖር ኖሮ በእጅ ሳይነኩት ዕቃ ይገዛል ወይ ብለህ ትስቅብኝ ነበር፤ ደግሞ እውነትህን ነው። መጀመሪያ ፎቶው ያማረውን፣ ዋጋው የረከሰውን መረጥኩ። አንዱን የሩዝ ከረጢት ሦስት ጊዜ ባስቀምጥበት ሦስት የተለያየ ቁጥር ነገረኝ፤ ሻጩም ስልኩን አላነሳም አለ። በሁለተኛው ልብ ገዛሁ። የገዙ ሰዎች የጻፉትን ሙገሳ ትቼ እሮሮውን አነበብኩ። በስንት በስንት ግራም እንደሚቆጥር፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ካልሆነም መልሰው ይወስዱት እንደሆነ ጠየቅኩ። አንዲት ሻጭ አንዱኑ ዕቃ ደጋግማ እያነሳች ስትመዝን በቪዲዮ ቀርጻ ላከችልኝ። ከእሷ ገዛሁ፤ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣ።

እኔ ግን የማምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያንተን ብረት አወጣሁና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ መቶ ሰባ ግራም አለኝ። አነሳሁት፣ መለስኩት፤ ያው ዘጠኝ መቶ ሰባ። አባዬ፣ ለዚያች ሻጭ የጻፍኩላትን ብታይ ታፍርብኝ ነበር። ሌባ ብዬ ሰደብኳት። እሷ ግን ሳትቆጣ፣ እስቲ ማህተም ባለው መመዘኛ አስፈትኚው አለችኝ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዤው ሄድኩ፤ በእነሱ ብረት ፈተኑት። ሚዛኑ ልክ ነው። የጎደለው ያንተ ብረት ነው።

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዓርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ በፊት፣ ያንን ብረት በአሸዋና በአመድ ስታሸው ታየኝ። እድፍ የያዘ ብረት ይዋሻል ትል ነበር። የሰው ሐቅ እንዳይነካህ ፈርተህ ዕድሜ ልክህን ፈገፈግከው፤ ስትፈገፍገው ስትፈገፍገው ሠላሳ ግራሙ ከአሸዋው ጋር ሄደ።

ግን አንተን የሚያስጠይቅህ አይመስለኝም፤ ይኼን ልነግርህ ነው የጻፍኩት። እያንዳንዱን ኪሎ መዝነህ ስታበቃ ሁልጊዜ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነህ ትጨምር ነበር። ለበረካ ነው ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ አባታችን ሱቁን በእፍኝ ሊጨርሰው ነው እያልኩ እማዬ ጋ አሾፍብህ ነበር። ያንተ እፍኝ ከሠላሳ ግራም ይበልጣል፤ በእኔ ትንሽ እጅ ዘግኜ እንኳ መዝኜ አይቼዋለሁ። ብረቱ ያጎደለውን እጅህ ይሞላው ነበር። ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር? አሁን ማን ይነግረኛል።

ቀኝ እጅህ አልታዘዝህ ካለ በኋላ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደንህ ሳይሻልህ ከተመለስን ወዲህ፣ እስካሁን ሁለት ዓመት ሙሉ የመዘንኩት እኔ ነኝ። አንተ በሩ ጋ ተቀምጠህ በግራ እጅህ ጨምሪ፣ ጨምሪ ትለኝ ነበር። አይቼሃለሁ፣ አባዬ። ያላየሁ መስዬ ነው። ብክነት መስሎኝ እፍኙን ተውኩት። ቀብርህ ላይ አጎቴ ቆሞ፣ እዚህ ሰው ላይ ሐቅ አለኝ የሚል ካለ ይምጣ ብሎ ነበር። ማንም እንዳልመጣ ሲነግሩን፣ ቤት ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ኮራሁ። ያቺ ኩራቴ አሁን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ስምህን የገበያ ወሬ ማድረግም ፈራሁ። ግን አንተ በእኔ ጥፋት የሰው ሐቅ ተሸክመህ ተኝተህ፣ እኔ እንዴት አድርጌ ሱቅ ልክፈት? ብረቱን ከአዲሱ ሚዛን አጠገብ አስቀምጬ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ እየመዘንኩ አሳየሁ፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ አፉ በሉን አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ተቆጥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሐሙሲት ላይ ምግብ ቤት ያላት እትየ ይታይሽ በየሳምንቱ ሩዝ እንደምትወስድ ታውቃለህ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ እሷ ካወቀች ሁለት ዓመቷ እንደሆነ ነገረችኝ። የቤቷ ጣሳ ጢም ብሎ ይሞላ የነበረው አንተ ከታመምክ ወዲህ ጎደለባት፤ ልጅቷ አባቷ ታሞባት ሐሳብ ላይ ናት ብላ ዝም አለች። ስለ ማርያም ብላ አንተንም እኔንም አፉ ብላናለች። ሩዟን መዝኜ ሰጠኋት፤ እሷ ግን ከረጢቷን እንደከፈተች ቆመች። እጄን ትጠብቅ ነበር።

አሁን ቁጥሩ አንድ ኪሎ ሲል እጄን ወደ ጆንያው እሰዳለሁ። ሁለቴ እዘግናለሁ፤ አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ ደግሞ እነዚያን ሁለት ዓመታት የነፈግኩት ነው። እስካለሁ ድረስ አልተወውም፤ በዘገንኩ ቁጥር በሩ ጋ ተቀምጠህ አይሃለሁ። ብረትህንም አልጣልኩትም። ዓርብ ዓርብ እወለውለዋለሁ። በአሸዋ ግን አይደለም፣ አባዬ፤ በጨርቅ ነው።

ልጅህ ሐያት