እንጦጦ ላይ ነው ተባለ

መጋቢት 19
ኮሮናው ዘንድሮም በረታ። አዳራሹን ዘጋን። የኮተቤ ምእመናን በአምስት በአምስት ሆነው በየቤቱ ይጸልዩ ተባለ። ወንበሮቹን ደራርበን ስንወጣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኤጀታ፣ «ፓስተር፣ በጎቹን በተንናቸው እኮ» አለኝ።
«እኔ በየቤቱ እዞራለሁ።»
ደስ አለው። እኔንም ደስ አለኝ።

መጋቢት 27
ስዞር ዋልኩ። እማማ አባይነሽ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። «እጅህን ጫንብኝ ልጄ፤ የስልክ ጸሎት አይሆነኝም።»
ልጃቸው ጵርስቅላ፣ «እማ፣ ተራራቁ ተብሏል» አለች።
«ከአገልጋይ ነው የምራቀው?»
ሳቅን። እጄን ጫንኩ።

መጋቢት 30
ሽሮው አልሸተተኝም። ሳሙናውን አነሳሁ... ምንም።

ሚያዝያ 1
የምርመራው ውጤት መጣ። ኮሮና ነው። ጓዳ ገባሁ። ባለቤቴ ማርቲ ምግቡን በር ላይ ትታልኝ ትሄዳለች።
የዞርኩባቸው ቤቶች እርስ በርስ አይገናኙም። ታዲያ ማን ነው ያገናኛቸው?
ጋሽ ኤጀታ ደወለ። «እረኛው ታመመ ከተባለ ሕዝቡ ይሸበራል። እንጦጦ ጾም ጸሎት ይዟል እንበል።»
«ያገኘኋቸው ሰዎች ማወቅ አለባቸው።»
«ጥቂት ቀን ታገስ እንጂ።»
ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረገው። እኔስ ምን አድርጌው ነበር?

ሚያዝያ 4
ጵርስቅላ ደወለች። «ፓስተር፣ ከተራራው ሲወርዱ እማን ይዩልኝ። ያስላታል። እርስዎ እየጾሙልን ነው ብላ ግን ተጽናንታለች። ትናንትም እኛ ቤት ከሚጸልዩት ሰዎች ጋር ስትጸልይ ዋለች።»
እንጦጦ ከጓዳው መስኮት ይታያል። ደመና ለብሷል።
«ጵርስቅላ... ቤቴ ነኝ። ኮሮና ይዞኛል። እናንተ ጋ ስመጣ ቀድሞ ይዞኝ ነበር መሰለኝ።»
 «ተራራውስ?» አለችኝ።
«ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። አሁኑኑ።»
ከዚያ ለየቤቱ ደወልኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ። አንዳንዱ አመሰገነኝ። አንዱ፣ «አሁን ነው የምትነግረን?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሚያዝያ 13
እማማ ኦክስጅን ላይ ናቸው። መዳፌን አያለሁ። ጸጉራቸው ስስ ነበር። ከሥሩ ይሞቅ ነበር... የእሳቸው ሙቀት ነበር ወይስ የእኔ? ታጥቤያለሁ። ደጋግሜ ታጥቤያለሁ።

ሚያዝያ 19
አረፉ።

ሚያዝያ 20
ሐኪሙ ነጻ ነህ ብሎኛል። ጥቁር ኮቴን ለብሼ ልወጣ ስል የጵርስቅላ መልእክት ገባ። «ሌላ አገልጋይ ያስቀብራታል። እርስዎ እባክዎ አይምጡ።»
ኮቱን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።
ጋሽ ኤጀታ ከመቃብሩ ቦታ ደወለ። መዝሙር ይሰማል። «ሕዝቡ ፓስተር የት ነው እያለ ነው። ገና አላገገመም ልበል?»
«ድኛለሁ።»
«ታዲያ ምን ልበላቸው?»
«ልጅቷ አትምጣ ብላዋለች በላቸው።»
«ለምን ቢሉኝስ?»
«እሑድ በየቤቱ እየደወልኩ እኔው እነግራቸዋለሁ።»
መዝሙሩ ቆመ። ስልኩን እሱም አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም። አፈሩ ሲወርድ ሰማሁ።