የሚደፋውን ያጠራቀሙት እህታችን

እትዬ፣ የሁላችን ታላቅ፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጅ ነርስ እናታችን በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥያቄ አያልቅባቸውም ነበርና አባታችን እባክሽ ጆሮዬን አሳርፊው እያሉ ይለምኗቸው ነበር።

እትዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ እናታችን በጡት ካንሰር አረፉ። ከምን እንደመጣ ሐኪሙን ቢጠይቁት አይታወቅም አላቸው። ያ መልስ ዕድሜ ልካቸውን አላስቀምጥ አላቸው።

በ1974 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው በካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ከማይክሮስኮፕ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው፤ እትዬ ደህናውን ማይክሮስኮፕ ተበላሽቷል እያሉ ያስጠሯቸው እንደነበር ከሠርጉ በኋላ አምነዋል። ሁለት ሴት ልጆችም አፍርተዋል።

በዚያን ጊዜ አር.ኤን.ኤ የሚባለው የዘረመል ግልባጭ ከዕጢ ሲወጣ፣ ፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የያዙት ረጃጅሞቹ ይቀመጡና ጥቃቅኖቹ ከእጥበቱ ፈሳሽ ጋር ይደፉ ነበር። ፕሮቲን ካልሠሩ ምን ይረባሉ ይባል ነበር። እትዬ ግን የሚደፋውን ያጠራቅሙ ጀመር። ማቀዝቀዣው ሞላ፣ ባልደረቦቻቸው አጉረመረሙ፣ «አትድፉት» የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው።

ከዓመታት ልፋት በኋላ ከዚያው እጥበት ውስጥ አንዲት ኢምንት አር.ኤን.ኤ አገኙ። ሕዋስ ያለ ልክ ተባዝቶ ካንሰር እንዳይሆን የሚይዘውን ዘረመል ዝም የምታሰኘው እሷ ነበረች። ይህን በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን። እኔ ታናሽ ወንድማቸው የገባኝ እኩሌታው ቢሆንም አፌን ከፍቼ ሰማሁ፤ ይህ ሁሉ በውስጣችን እየሆነ እንዴት እንቅልፍ ይወስደናል ብዬም ተደነቅሁ።

አምና የእናታችን ሕመም በእሳቸው ላይ ታየ። በቀዶ ሕክምና የወጣውን ዕጢ ለላቦራቶሪያቸው ሰጥተው ያቺ አር.ኤን.ኤ እንድትፈለግ አዘዙ። እናታችንንም የወሰደቻቸው እሷው ትሆናለች ብለው ያምኑ ነበርና። በላቦራቶሪው የሚያሠለጥኗት ተማሪያቸው ውጤቱን ይዛ መጥታ ከበሩ ላይ ቆመች። ያቺ አር.ኤን.ኤ ዕጢው ውስጥ የለችም አለች።

የዕድሜ ልክ ልፋታቸው ውኃ በላው ብለን ክው አልን። እትዬ ግን ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በርቶ፣ «እኛ ያላየናት ሌላ አለች ማለት ነዋ! ስንቱን ነገር ነው የተሸከምነው እናንተዬ!» አሉ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ወንድሞቻቸው ቀርተናል። ሁሉን የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ የጠየቁትንም ሁሉ እሱ ራሱ ያሳያቸው።

ተማሪያቸው ዛሬ ከመካከላችን የለችም። ቀብሬ ላይ እንዳትመጪ፣ ሥራሽን ቀጥዪ ብለዋት ነበርና፣ በዚህች ሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ በእትዬ ዕጢ ላይ ሌላዋን እየፈለገች ነው።