ብረቱ ውስጥ የሌለው ክምችት

ጥቅምት 4

የላቦራቶሪያችን ማሽን ዛሬ አላስቸገረም፤ ተመስገን። ቀኑን ሙሉ አንዲት የብረት መርፌ ስናፈርስ ዋልን። ከፀጉር የቀጠነች። ኤሌክትሪኩ ከጫፏ አቶሞቿን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ማዶ ያለው ሰሌዳ ላይ ያርፋሉ፤ ካረፉበት ቦታ ተነስተን መርፌዋን ኮምፒውተር ላይ መልሰን እንሠራታለን። ይሄን ለእማዬ ባስረዳት "ታዲያ ለምን አፈረሳችኋት?" አለችኝ። ወይ እማዬ...

አብሮኝ የሚሠራው ሎጋው ደስ ብሎታል። (ስሙን ቁመቱን አይቼ ነው ያወጣሁለት።) ብረቱ ውስጥ ያለው መዳብ ተሰብስቦ፣ ረዘም ረዘም ብሎ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተሰልፏል። ብረቱን ያጠነከረው ይሄ ነው ይላል። አለቃችን ካመኑበት ቋሚ ቅጥር ያገኛል። ከዚያ ቤት እንከራያለን፣ እንጋባለን። እማዬማ "መቼ ነው?" እያለች መድረሻ አሳጥታኛለች።

ጥቅምት 11

የሎጋውን ምስል ሳገላብጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የመዳቡ ክምችቶች ውስጥ ያለው አቶም በዛ። ከዙሪያው እጥፍ! ብረት እንዲህ አይታጨቅም፤ ታክሲ ነው እንዴ ትርፍ የሚጭነው?

መዳቡ ከብረቱ ቀድሞ ይነቀላል። ያኔ ጫፏ ጎድጎድ ይላል፣ የአቶሞቹ መንገድ ይጣመማል፣ ሰሌዳው ላይ ተጠጋግተው ያርፋሉ... እንደሱ ከሆነስ? አይ፣ ዝም ብዬ ነው።

ጥቅምት 12

ምሳ ላይ ነገርኩት። ሳቀ። "አንቺ ደግሞ ነገር ስታካብጂ! ቀናሽብኝ እንዴ?" ቀልዱን ነው። ቀልዱን ነው አይደል?

ጥቅምት 20

ከዚያው ብረት ሌላ መርፌ ሠራሁ። የፊተኛዋ በቁመቱ የተቆረጠች ነበረች፣ ይቺን በወርዱ ቆረጥኳት። ክምችቱ እውነት ረጅም ከሆነ አሁን አግድም ተኝቶ መታየት አለበት። አልተኛም። አሁንም በመርፌዋ ቁመት ቆሟል። መርፌዋ ስትዞር አብሮ ዞረ። ብረቱ ውስጥ ያለ ነገር እንዲህ አያደርግም። ርዝመቱን የፈጠረው የኛው ማሽን ነው።

አሳየሁት። እጄን ያዘኝ። "ቅጥሩ እስኪጸድቅልኝ ብቻ ዝም በይ። ከዚያ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ስለኔ ስትይ።"

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ጥቅምት 24

ስብሰባ። አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ። "በሌላ አቅጣጫ ተቆርጦ ታይቷል?"

"አዎ፣ እሱም ያረጋግጣል" አለ ሎጋው። ዓይኑ እኔ ላይ።

አለቃችን ወደኔ ዞሩ። "የቆረጥሽው አንቺ ነሽ አይደል?"

ምን ነበር እኔን ባይጠይቁኝ! "እኔ ነኝ" አልኩ። "ግን... አያረጋግጥም።" የቀረውን እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። የሱ ፊት አመድ መሰለ።

ጥቅምት 25

ስልክ አያነሳም።

ኅዳር 2

ዕቃውን ሊሰበስብ ካርቶን ይዞ መጣ። ሥራውንም እኔንም ትቶ ሊሄድ።

"ልክ ነበርሽ" አለኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ግን ያን ቀን ዓይኔን እያየሽ..." አልጨረሰውም።

"ላግዝህ?" አልኩት። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

"ተይው።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልቤ ተሰብሯል፣ ሌላ ምን ይባላል? በሰው ፊት አዋርጄው፣ አሁንም የምወደው እሱን ነው።

ኅዳር 19

አለቃችን ቢሯቸው ጠሩኝ። ቋሚ ቅጥሩን ለኔ ሰጡኝ። ለሱ የታሰበውን። "ይገባሻል" አሉ። ስፈርም ቀኑን ተሳስቼ ጻፍኩ፤ የደስታ መሰላቸው።

ለእማዬ ደወልኩ። ተቀጠርኩ ስላት በደስታ ጮኸች፤ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። መለያየታችንን እስካሁን አልነገርኳትም። አፌ እምቢ አለኝ።

"እሱስ? ልጄ ምን አለ?"

"በጣም ደስ ብሎታል፣ እማዬ። ሰላም በይልኝ ብሏል።"

ለካ መዋሸት እችላለሁ። ያን ቀን ነው ያቃተኝ።