የቬርሶል ትምህርት ቤት ያልሰመጠበት ምክንያት

ለሴሊን አውራጃ ክቡር አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከእርስዎ ጋር የሚደክሙት ባልደረቦችዎም ሁሉ በመልካም ጤንነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጠንካራ መሬት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቬርሶል መንደር ትምህርት ቤት ጂኦግራፊውንም ሌላውንም ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ለአውራጃው ልጆች ካሳተመው «አውራጃችን፦ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚ» ከተሰኘው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ስለላካችሁልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው። የልማድ ነገር ሆኖብኝ ቀይ ብዕር ይዤ ነው ያነበብኩት። በመጪው ሰኞ በዚህ መጽሐፍ መማር የሚጀምሩት የሦስት መንደር ልጆች የሚሰበሰቡት እርስዎ መርቀው በሚከፍቱት በእኛው በቬርሶል ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ እርማቶቼን ከሰኞ በፊት እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጂኦግራፊ። መጽሐፉ ሰማያዊውን ሐይቅ «ተፈጥሮ ለአውራጃችን ያበረከተችው ጸጋ» ይለዋል፤ ከሥሩም አንድ ፊቱ የፈካ ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ይታያል። ተፈጥሮን ማመስገን መልካም ነው። ይሁንና አባቴ ወጣት ሳለ ሐይቁ ሐይቅ አልነበረም፤ ላ ኮምብ የሚባል ሰፈር ነበር። አንድ ጠዋት ላሞቹ ከታለቡ በኋላ ሰፈሩ ከነመንገዱ መሬት ውስጥ ወረደ። ወተት ይዘው ዐለቱ ላይ ወዳለው የአይብ ሠሪዎች ማኅበር የወጡት ተረፉ፤ ቤት የቀሩት ዛሬም እዚያው ናቸው። የሥዕሉ ሰው መንጠቆውን የጣለው የእናቴ አክስት ወጥ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ እንደሆነ እገምታለሁ። ዓሣው ከቀናው ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ግን «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል በእርሳስ እንዲሰርዙት አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ታሪክ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአብዮቱ ዘመን አውራጃዎች ሲካለሉ ማንኛውም ዜጋ በፈረስ ተነሥቶ በአንድ ቀን ዋናው ከተማ እንዲደርስ ታስቦ ነበር ይላል መጽሐፉ። ትክክል ነው፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ዛሬ አውቶቡሱ ስለቀረና እኔም ፈረስ ስለሌለኝ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሬያለሁ። ጸሐፊዎ ግን እጅግ በለሰለሰ አንደበት «ሙሴ ቱቭኖ፣ ያለ ቀጠሮ አይቻልም እኮ፤ ቀጠሮ ደግሞ የሚያዘው በአካል ቀርበው ነው» ብላ፣ በአካል ቀርቤ ሳለሁ መለሰችኝ። ቡና ስላቀረበችልኝ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ስለ ጨው የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀድሞ በአካባቢው ጨው ይወጣ ነበር።» ከየት ይወጣ እንደነበር አልተጠቀሰም። ከእግራችን ሥር ነው ይወጣ የነበረው። የጨው ኩባንያው መሬቱን እየበሳ ውሃ ያወርድ፣ ውሃው ጨዉን ሲያሟሟው መልሶ ይስበው ነበር። ጨዉ ሄዶ ዋሻው ቀረ። ዋሻው በጨዋማ ውሃ እንደተሞላ እስከቆየ ድረስ ጣሪያው ይቆማል ተብለን ኖርን። ኩባንያው ከተዘጋ ወዲህ ውሃው መሙላት አለመሙላቱን የሚያይ ሰው ይኖር እንደሆነ ደጋግሜ ጠይቄ፣ ጥያቄዬ ለሚመለከተው ክፍል መመራቱን የሚገልጽ ጨዋነት የተሞላበት መልስ በየጊዜው ደርሶኛል። ያን የሚመለከተውን ክፍል ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን በዓይኔ ባየው እንዴት ደስ ባለኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ኢኮኖሚ፤ እዚህ ላይ እርማቴ ስለሚረዝም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። መጽሐፉ አይቡን፣ እንጨቱንና ጎብኚውን ከዘረዘረ በኋላ የሦስቱ መንደሮች ትምህርት ቤቶች መጠቃለላቸውን የቁጠባ አርአያ አድርጎ ያቀርባል። ቬርሶል የተመረጠውም «በመለኪያ እንደተረጋገጠው መሬቱ ቅንጣት ያልተንቀሳቀሰ በመሆኑ» ነው ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

እርስዎ ለአውራጃው አዲስ ስለሆኑ ባይነገርዎ አይፈረድብዎትም፤ በእኛ መንደር እያንዳንዱ ቤት ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ቱንቢ፣ ግንበኞች ቀጥታ የሚለኩበትን ክር ላይ የታሰረ ክብደት፣ ያንጠለጥላል። ከቱንቢው ሥር ወለሉ ላይ ምስማር ይመታል። በየዓመቱ የማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ በምትባለው በቅድስት በርባራ ቀን የቤቱ ታላቅ ይንበረከክና ያያል፤ ቱንቢው ከምስማሩ ከሸሸ በአዲሱ ቦታ ሌላ ምስማር ይመታል፤ ከዚያ እራት ይበላል። ወደ ቤቱ የምትገባ ሙሽራ ከመኝታ ቤቱ በፊት የምታየው ቱንቢውን ነው። በትምህርት ቤታችንም ከሰሌዳው አጠገብ አንድ ነበረን። ባለፈው በጋ ለእድሳት የመጡት ሰዎች «የልጅ ጭንቅላት ላይ ሊወድቅ ይችላል» ብለው አነሡት። ከጣሪያው በኩል ለልጆቹ ጭንቅላት ስላሰቡ ወላጆችን ወክዬ አመሰግናለሁ፤ ከወለሉ በኩል ያለውን ለእኛ ትተውልናል።

ዘንድሮ በቅድስት በርባራ ቀን ያየነውን በማግስቱ በጂኦግራፊ መምህር ወግ በካርታ ላይ አኖርኩት። ከትምህርት ቤቱ በስተምሥራቅ ባሉት ቤቶች ምስማሮቹ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። በስተምዕራብ ባሉት ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ወደ እኛ፣ ከእኛ በላይ ያሉት ወደ ታች። ሁሉም ቤቶች አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። ቡና ቤት ያላት ማዳም ጊስሌን ካርታውን አየችና «ቤቴ ትምህርት ቤት መሄድ አማረው በሉኛ። እኔን በልጅነቴ እየጎተቱ ነበር የሚወስዱኝ» አለች። ላም አርቢው ፈርናን ኡምብሎም «የኔም ከኋላ ከኋላው እየተከተለው ነው፤ አንድ ክፍል ሊቀመጡ ነው መሰለኝ» አለ። ሳቅን።

የትምህርት ቤቱ ቱንቢ ግን እስከ ተነሣበት ቀን ድረስ ከምስማሩ ንቅንቅ አላለም። የእርስዎ መሐንዲስም ይህንኑ በደስታ መዝግቦታል። መሬት እንደ ሳህን ሲጎደጉድ መሐሉ አይጋደልም፤ የሚጋደለው ጠርዙ ነው። መሐሉ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው።

መሐንዲሱ ጨዋ፣ የተማረ፣ ጫማው የተወለወለ ወጣት ነው፤ አንዳች ቅሬታ የለኝም። የትምህርት ቤቱን ከፍታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ካለችው የከፍታ መነሻ የነሐስ ምልክት ተነሥቶ ለካ። ካለፈው ልኬት ጋር አስተያየው፤ ልዩነት የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር ግቢ ለግቢ ነው። በአንድ ጀልባ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እየተያዩ «አንተም አልሰመጥክም፣ እኔም አልሰመጥኩም» እንደመባባል ነው። ይህን ስነግረው በአክብሮት አዳመጠኝና «ሙሴ፣ የነሐሷ ምልክት ይፋዊ ናት» አለኝ። ይፋዊ የሆነ ነገር እንደማይሰምጥ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አንድ ሌላ መለኪያ አለን፤ ይፋዊ ባለመሆኑ አፍራለሁ። የእኛ ማማ ሰዓት ከቆመ ብዙ ዘመን ስለሆነው፣ ከትምህርት ቤቱ የላይኛው መስኮት ሆነን ከኮረብታው ባሻገር የሚታየውን የሞንታርሌን ማማ ሰዓት ነበር የምናነበው። ስንት ትውልድ ሰዓት መቁጠር የተማረው በዚያ መስኮት ነው። ኮረብታው ራቁቱን የቆመ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዛፍ አይበቅልበትም፤ ከፍም ዝቅም አይልም። እኔ ጡረታ ስወጣ የሰዓቱ ፊት ሙሉ ይታይ ነበር። ከዚያ ከታች ያለው ስድስት ቁጥር ከኮረብታው ጀርባ ገባ። ቀጥሎ አምስቱና ሰባቱ፣ ከዚያም አራቱና ስምንቱ። ኮረብታው ለእኛ ቅርብ፣ ማማው ሩቅ ስለሆነ፣ እኛ አንድ ስንዝር ስንወርድ እዚያ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ይሸሸግብናል። መሐንዲሱ ምናልባት ዓይኔ ደክሞ እንደሆነ በርኅራኄ ጠቁሞኛል። ዓይኔን ከተማ ሄጄ አስመረመርኩ፤ ደህና ነው።

አራተኛውን እርማት የሚያቀርቡት እኔ ሳልሆን የፈርናን ላሞች ናቸው። ከፀደይ ጀምሮ ከግጦሽ ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ዘንድ ይቆሙና ድንጋዩን ይልሳሉ። ፈርናን ሲጎትታቸው እንቢ ይላሉ። ግድግዳው ከሥሩ ነጭ እያበቀለ ነው፤ እኔም ማንም ሳያየኝ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። አባቴ ስለ ላ ኮምብ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ግድግዳ ይልሱ ከነበሩት ላሞች ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ እመጣለሁ። ሰኞ ክፍሉን የምትከፍተው መምህርት ሶሌን ኡምብሎ የፈርናን ልጅ ናት፤ የእኔም ተማሪ ነበረች። የትምህርት ተቆጣጣሪው ሰኞ በሩን ካልከፈተች ሥራዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች እንደሚቆጠር በስልክ ነግሯታል፤ ግልጽነቱን አደንቃለሁ። ትናንት ቤቴ መጣችና ኮቷን ሳታወልቅ «ሙሴ፣ ልክፈተው ወይስ አልክፈተው? ወላጆቹ የሚያዩት እኔን ነው» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ለልጆች ጥያቄ መልስ ስሰጥ ኖሬ፣ ይህን ግን ወደሚመለከተው ክፍል፣ ወደ እርስዎ፣ መራሁት። የምለምንዎ ብዙ አይደለም፤ መሐንዲሱ ሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሳይሆን ከኮረብታው ዐለት ተነሥቶ አንድ ጊዜ እንዲለካ ብቻ ነው። ተሳስቼ ከተገኘሁ በአደባባይ፣ በልጆቹ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የመጽሐፋችሁንም ኢኮኖሚ በቃሌ አጥንቼ እወጣለሁ።

እስከዚያ ድረስ ግን ሶሌን መልሱን ራሷ አግኝታዋለች። ልጆቹን ሰኞ የምታስተምረው ዐለቱ ላይ ባለው የአይብ ማኅበሩ አዳራሽ፣ በአይቦቹ መካከል ነው። ሥራዋን የሚቀማት ካለ እዚያው ድረስ ሽቅብ ይምጣ ብላለች። ወላጆቹ ተስማምተዋል።

ክቡር አስተዳዳሪ ሆይ፣ ለአውራጃችን ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚ ያለዎትን ጥልቅ ፍቅር እያደነቅሁ፣ ወሰን የሌለው አክብሮቴን፣ የሚቻል ከሆነ ዐለት ላይ ቆመው፣ እንዲቀበሉልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ኤቫሪስት ቱቭኖ
ጡረተኛ መምህር፣ ቬርሶል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምረቃው ሥነ ሥርዓት እንደታሰበው ይካሄዳል፤ አናስቀርብዎትም። ወንበርዎን ከአዲሱ ክፍል መሐል፣ ቱንቢው ከነበረበት ሥር፣ በምስማሯ ትይዩ አድርገነዋል። የእኛ ወንበሮች ኮረብታው ላይ ናቸው፤ ከዚያ እናጨበጭባለን። ሰዓትዎን ከቤት ይዘው ቢመጡ ይሻላል፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ የላይኛው መስኮት ወጥቼ ነበር፣ ከሞንታርሌ ማማ የሚታየው ጫፉ ላይ ያለው የነሐስ ዶሮ ብቻ ነው።